መቋሚያውና ሆደ ባዶው ጊታር

ደብረ ብርሃን ውስጥ ጊታር ሲባል ሰው ሁሉ ትዝ የሚለው ሠርግ ነው። እኔ ግን ጃዝ የሚጫወት ጎረቤት አለኝ፤ እግዜር ይስጠውና። አዲስ አበባ ሆቴል ለሆቴል ሲጫወት ኖሮ፣ እናቱ ሲያረጁ ወደ ትውልድ ከተማው ተመለሰ። ጋሼ ነው የምለው። ሁለት ቅጂዎች አሉት። የመጀመሪያው ከባንድ ጋር የተቀረጸ፣ ትራምፔትና ድራም የበዛበት ነው፤ ሰው የሚወድለት ያንን ነው። እኔ ከሰው ጋር አልስማማም። ብቻውን በቀረጸው በሁለተኛው ላይ ጣቱ ክሩን ሲያሽ፣ ትንፋሹንም ሲሰበስብ ይሰማል፤ ዜማው መሀል ላይም ድንገት ዝም ይልና ይቀጥላል። ይህ ጉድለት ነው የሚል ካለ ይምጣና እንነጋገር።

ጊታሮቹም ሁለት ናቸው። ለሆቴል የሚይዘው ቀጭን፣ ድፍን እንጨት፣ ያለ ኤሌክትሪክ እዚህ ግባ የሚባል ድምፅ የሌለው ነው። ሁለተኛውን ቅጂ የቀረጸበት ግን ሆዱ ባዶ የሆነ፣ ጎኑ ተሰንጥቆ የተጠገነ አሮጌ ጊታር ነው። ብርዳችን እንዳይጎዳው በከተማችን ፋብሪካ ብርድ ልብስ ጠቅልሎ ያኖረዋል፤ ለሰው አያስነካም።

አባቴ አንኮበር የዜማ መምህር ናቸው፤ ሰው ሁሉ የኔታ ይላቸዋል። ከዓመታት በፊት ያንን ሁለተኛ ቅጂ በስልኬ ሳሰማቸው ፊታቸውን ቋጥረው ነበር የጀመሩት። «ቃል ስለሌለው ዘፈን ነው ብዬ አልኮንነውም» አሉ። ቆይተው ደግሞ «ይሄ ሰው ዝም ማለት ያውቅበታል። እኔ ለተማሪዎቼ ስንት ዘመን የለፋሁበት ነገር!» አሉና ድገሚው አሉኝ። ከዚያ በኋላ ልጠይቃቸው በሄድኩ ቁጥር «ያ ዝምተኛው ሰው ደህና ነው?» ይሉኝ ነበር።

ከዚያ ጆሯቸው ከበደ። ዘንድሮ ለሕክምና እኔ ዘንድ መጡ፤ ሐኪሙ ጆሮ ላይ የሚደረገው መሣሪያም እምብዛም አይጠቅማቸውም አለ። እሳቸው «ዕድሜ ነዋ» ብለው ሳቁ። ጠዋት ጠዋት ግን ውዳሴ ማርያምን በዜማ ማድረስ ተዉ፤ ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል። የራሳቸውን ድምፅ ስለማይሰሙ እንዳይሳሳቱ ፈርተው ነው። አንድ ጊዜ፣ አንዲት ጊዜ ብቻ፣ ዜማ ሰምተው ወደ አንኮበር እንዲመለሱ ፈለግሁ።

ጋሼን ለመንኩት። እሑድ ከሰዓት ቀጭኑን ጊታርና ድምፅ ማጉያውን ይዞ መጣ፤ የተጠቀለለውንም በጀርባው አዝሎ። «ጨምረው» አልኩት። ጨመረ። «አሁንም ጨምረው!» የመስኮቱ መስታወት ተንቀጠቀጠ፤ የጎረቤት ውሻ አላዘነ። አባቴ ራሳቸውን እየነቀነቁ «ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው» ይላሉ። ጋሼ ጨርሶ እጁን ካነሳ በኋላም ራሳቸውን መነቅነቅ አላቆሙም። በይሉኝታ ነው እንጂ ምንም እንዳልሰሙ ያኔ ገባኝ። ጓዳ ገብቼ ዓይኔን ጠራረግሁ።

ስመለስ ጋሼ ማጉያውን ነቅሎ ብርድ ልብሱን እየፈታ ነበር። «እማዬ ስትተኛ እንዳልረብሻት ቀስ ብዬ ነው የምለማመደው» አለኝ። «አገጬን እንጨቱ ላይ ሳሳርፈው ግን በአጥንቴ ይሰማኛል። እስቲ የየኔታን መቋሚያ አምጪው።»

ለአባቴ በምልክት ነገርናቸው። በማሕሌት ሲደክማቸው እንደሚያደርጉት የመቋሚያውን ራስ አገጫቸው ሥር አደረጉ። ጋሼ ፊት ለፊታቸው በርጩማ ላይ ተቀመጠና የመቋሚያውን ጫፍ በገዛ እጁ ይዞ በዚያ ለሰው በማያስነካው ጊታር ሆድ ላይ አስደገፈው። ይቧጥጥብኛል እንኳ አላለም።

የሁለተኛውን ቅጂ ዜማ ጀመረ። የአባቴ ፊት መጀመሪያ እንደነበረ ነው። ከዚያ ዓይናቸው ተከደነ። ትከሻቸው ቀስ ብሎ ወደ ቀኝ ዘመመ፤ ወደ ግራ ተመለሰ። ማሸብሸባቸው ነው። እኔ ግን ቅድም ስለተሸወድኩ ልቤ አላመነም።

ጋሼ፣ እዚያ ቦታ ላይ ሁልጊዜ እንደሚያደርገው፣ መሀል ላይ ድንገት እጁን አነሳ። ቤቱ ጸጥ አለ። የአባቴ ትከሻ ባለበት ቆመ። ጆሮው የከበደ ሰው ድምፁን አይመጥንምና፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ ጎረቤት እስኪሰማ ጮኹ።

«ልጄ! ዝም አለ! ሰማሽው? አሁን ዝም አለ!»