ሳይቱን ለመዝጋት ተራራ ወጣን

የልጅ ልጄ ሰሞኑን ምግብ እምቢ ስትል ፍቅር የያዛት መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ነገሩ ሲጣራ ሳይት ነው።

«እማማ፣ ሳይቱን ልዘጋው ነው» አለችኝ።

«የሚዘጋ ከሆነ ተነሺና ዝጊዋ፤ ብርድ ይገባል» አልኳት። አልሳቀችም።

ሳይት የምትለውን እኔ እንደገባኝ ልንገራችሁ። ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለች ጀምራ ከላይ ከደጋው፣ ከጨንቻ ወገን፣ የአሮጊትና የሽማግሌ ዘፈን እየቀዳች ታመጣለች። የሠርግ አለ፣ የአጨዳ አለ፣ ሸማኔ ሲሠራ የሚያንጎራጉረው አለ። ያንን ኢንተርኔት ላይ ታስቀምጠዋለች፤ የፈለገ ሰው፣ አዲስ አበባም ይሁን ባሕር ማዶ፣ ዳውንሎድ አድርጎ ይወስዳል። በነፃ ነው። እኔ አርባ ምንጭ ሲቀላ ገበያ ሙዝ ስሸጥ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ በነፃ የሚባል ነገር ያን ጊዜም አልጣመኝም። የእኔም ድምፅ አለበት። ጉንፋን ይዞኝ ነበር የቀዳችኝ፤ ሰው ግን ወዶታል አለችኝ። ጉንፋኑን ነው የወደዱት ማለት ነው።

በኋላ ወደ ሳይቱ የሚመጣ ሰው ጠፋ። ሰፈራችን ያለው ባለሱቅ የእሷኑ ዘፈኖች ለሰው ሚሞሪ ላይ ይጭናል፤ ሄዳ ብትነግረው «እህቴ፣ አንቺም ሚሞሪ ካለሽ አምጪ፣ በቅናሽ እጭንልሻለሁ» አላት። ከዚያ ደግሞ ላይኛው ከተማ፣ ሴቻ፣ ቢሮ ሥራ ያዘች። ጊዜ የለም፣ ጎብኚ የለም። ዝጊው ብሎ ልቧ ነግሯታል፤ እጇ ግን እምቢ አለ።

ያስጨነቃት አንዲት አሮጊት ናት። አሮጊቷ የልጅነት ጓደኛዬ ነች፣ እዚያው ተራራው ላይ የቀረች። ሙሽራ ከእናቷ ቤት ስትወጣ የሚዘፈነውን፣ እሷ ከራሷ እናት የወረሰችውን ዘፈን እንደሷ የሚያወጣው ሰው የለም። ለልጅቱ ስትሰጣት «አደራ» ብላ ነው።

«አደራዋን በላሁ እኮ» ትላለች ልጅቱ። «ትረግመኛለች።»

«ዘፈኑ ስልክሽ ላይ የለም?»

«አለ። እሷ ግን የሰጠችኝ ዓለም እንዲሰማው ነው እንጂ ስልኬ ላይ እንዲተኛ አይደለም።»

«እንግዲያ ሄደሽ ንገሪያት።»

«እፈራታለሁ።»

«እኔም እፈራታለሁ፤ በልጅነታችን ነክሳኛለች። አብረን እንፍራት፣ ተነሺ።»

እኛ ጋሞዎች ይቅርታ የሚለምን ሰው እርጥብ ሣር ይዞ ይንበረከካል። ሣር የያዘውን እምቢ ማለት ትልቅ ነውር ነው። ይህን ስለማውቅ ከመኪና እንደወረድን «ሣር ንጪ፣ በደንብ አድርገሽ ንጪ» አልኳት። ጉም ነበር። በእንሰቱ መሐል ስንሄድ የማን እንደሆነች የማናውቃት ጥጃ ከኋላችን መጣችና ሣሩን እየጎተተች ትበላ ጀመር። ልጅቱ ታባርራለች፣ ጥጃዋ ትመለሳለች። ደጃፉ ስንደርስ የቀረው ሣር ትንሽ ጥፋት ላጠፋ ሰው የሚበቃ ነበር።

ጓደኛዬ በራፏ ላይ ተቀምጣ ጥጥ ትፈትላለች። ልጅቱ ያቺኑ ሣር ይዛ ተንበረከከች። ጓደኛዬ እሷን ትታ እኔን አየችኝ።

«ምን አድርጋ ነው? አርግዛ ነው?»

«ምኞቴ ነበር፤ አይደለም» አልኳት።

ልጅቱ አንገቷን ደፍታ ነገረቻት። ዘፈንዎ ያለበት ሳይት ሊዘጋ ነው፣ ማቆየት አልቻልኩም፣ ይቅር ይበሉኝ አለች። ጓደኛዬ እንዝርቷን አስቀመጠች።

«ከተዘጋ በኋላ ማንም አይወስደውም?»

«ማንም አይወስደውም።»

«እንግዲያ ወደ እኔ ሊመለስ ነዋ።»

ልጅቱ ቀና ብላ አየቻት። «እንዴት ማለት?»

«ሰጥቼሽ የለ እንዴ? የሰጡትን መልሶ መጠቀም ነውር አይደለም? አንቺ ለዓለም ታድይዋለሽ ብዬ እኔ አፌን ያዝኩ።»

ለካ ያንን ዘፈን ከዚያ ቀን ወዲህ አንድም ሠርግ ላይ አልዘፈነችም። ሠርገኛ ሲለምናት «እኔ ጋ የለም፤ አርባ ምንጭ ወርዷል» ትል ኖሯል። ኮራች ተባለች፣ ድምፅዋ ሞተ ተባለ። የገዛ ልጇ ልጅ ስትዳር እንኳ ዝም ብላ ተቀመጠች። ይህን ስትናገር ልጅቱ እንባዋ መጣ።

እኔ ግን ሳቄ አመለጠኝ። «አንቺ ሞኝ፣ ዘፈን በሬ መሰለሽ? ቢሰጡት እኮ ከበረት አይጎድልም።»

«አንቺ ምን ታውቂያለሽ፣ የሲቀላ ሴት። ላምሽን ሰጥተሽ፣ ሄደሽ ታልቢያታለሽ?»

ሳቄን ነጠላዬ ውስጥ ከተትኩት።

ልጅቱ እንባዋን ጠርጋ «አሁን ይዝፈኑት፣ የእርስዎ ነው» አለቻት።

«ተዘግቷል ወይስ ሊዘጋ ነው?»

«ሊዘጋ ነው።»

«ገና የኔ አይደለማ። ዝጊው።»

ስንት ሳምንት እጇ ተሳስሮ የከረመች ልጅ ስልኳን ይዛ ኔትወርክ ፍለጋ ወጣች። እንሰቱ ውስጥ ገባች፣ አጥሩ ላይ ወጣች፣ አንድ እጇን ወደ ሰማይ ዘርግታ ቆመች። ጓደኛዬ «ቁልፉ እዚያ ነው እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። አዎ አልኳት፤ ምን አውቄ። ልጅቱ ከአጥሩ ላይ ወረደችና «ዘጋሁት» አለች። ፊቷ የቀለላት ሰው ፊት ነበር።

ጓደኛዬ ጉሮሮዋን ጠራርጋ ጀመረች። ያው ድምፅ ነው፤ እኔን ጭምር ሙሽራ ያደርገኛል። ግን ሙሽራዋ ደጅ ወጥታ እናቷን ዞራ የምታይበት ጋ ስትደርስ ቆመች። እንደገና ጀመረች፣ እዚያው ቆመች። ጠፍቶባታል። ያን ያህል ዘመን ያልተባለ ቃል የት ይገኛል? እኔ አላውቀውም፣ የነሱ ቤት ዘፈን ነው። ጓደኛዬ እንዝርቷን መልሳ አነሳች።

የልጅ ልጄ ስልኳን ትከፍታለች ብዬ ጠብቄ ነበር። እሷ ግን ዘፈኑን በአፏ አወጣችው። ስትቀዳው፣ ስታስተካክለው፣ ስታስቀምጠው ስንቴ ሰምታው ነው፤ ቃል በቃል ይዛዋለች። ድምፅዋ ግን፣ አያት ነኝና ልናገር፣ በር የተዘጋበት ድመት ነው።

ጓደኛዬ እስከ መጨረሻው ሰማቻት። «ከአፍንጫሽ ነው እንዴ የምትዘፍኚው?»

«ከእሷ ወርሼው ነው» አለች ልጅቱ፣ እኔን እያሳየች።

«ግጥሙን ግን አልጣልሽውም። በይ እዚህ አጠገቤ ቁጭ በይ። አንቺ አውጪ፣ እኔ እቀበላለሁ።»

እናም የተራራው አውራ ዘፋኝ ለእኔ ድመት ተቀባይ ሆነች። እኔ አጨበጨብኩ። ትንሽ ቆይተው ምቱን አበላሸሽብን አሉኝና ጥጡን ያዢ ተብዬ ተቀመጥኩ።