የአባቱ እናት

ላዬትን አማፂዎቹ ከትምህርት ቤት መኝታዋ ወደ ጫካ ሲወስዷት ጡቷ እንኳ አላጎጠጎጠም ነበር። ወደ አገሯ ወደ ጉሉ የተመለሰችው ልጅ አዝላ ነው። ልጁን ኮማኬች አለችው፤ በአቾሊኛ «ዕድለ ቢስ ነኝ» ማለት ነው።

ልጁ አድጎ ጢም ማብቀል ሲጀምር፣ የላዬት ወንድም አንድ ማለዳ መቆፈሪያውን ከእጁ ነጠቀው።

«ይሄ የአባቴ መሬት ነው! አንተ የጫካ ዘር፣ ሂድና የአባትህን ቆፍር!»

ኮማኬች ለእናቱ ሲነግራት አላለቀሰም። «አባቴ ማነው?» ብቻ አላት። ጫካ ውስጥ ላዬትን ለአንድ ተዋጊ በግድ ሰጥተዋት ነበር። ሰውየው እዚያው ጫካ ውስጥ ሞቷል። የምታውቀው የጫካ ስሙንና ዱላውን ነው።

ከጫካ የተመለሱ ሴቶች ራሳቸው ያቋቋሙት ማኅበር ነበራቸው። አብረው ልብስ ይሰፋሉ፤ አንዷ ስትሰደብ ሌሎቹ ይደርሱላታል። በየመንደሩ ሰው ያለው የሰሜን የልማት መረብ የተባለ ድርጅት አብረን እንሥራ ብሎ ሲመጣ፣ ሊቀመንበሯ ፒሎያ አንድ ነገር ጠየቀች፦ የልጆቻችንን የአባት ዘመዶች ፈልጉልን።

«ይሄማ በእቅዳችን የለም» አለ የመረቡ ሰው ኦጃራ።

«ወንድሜ፣ እኛስ በማን እቅድ ነበርን?»

ሴቶቹ ሳቁ። ኦጃራም አብሯቸው ሳቀና ወዲያው አንገቱን ደፋ።

ሴቶቹ ባሉት ተስማሙ። መረቡ በየመንደሩ ያጠያይቃል፤ ከማኅበሩ አንዲት ሴት ሳትኖር ግን ማንም የማንንም ደጅ አይረግጥም። ላዬት፣ የልጇ አባት «አባቴ ከአስዋ ወንዝ ማዶ አንጥረኛ ነበር» ሲል መስማቷን አስታወሰች። የዝናቡ ወራት ሳያልፍ ቤቱ ተገኘ። ላዬትና ኮማኬች ከፒሎያ ጋር በኦጃራ መኪና ሄዱ።

ከጎጆዋ ብቅ ያለችው አሮጊት አዶች ትባላለች። ኮማኬችን ስታይ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

«ልጄ! ኦኬማ!»

«የኦኬማ ልጅ ነው፣ እማማ» አለች ፒሎያ።

ከደጁ እንቁላል አስቀመጡለት፤ ርቆ የከረመ ሰው ወደ ቤቱ ሲገባ እንደሚያደርገው ረገጠው። የመንደሩ ሴቶች እልል አሉ። ላዬት ጥርሷን ነክሳ ቆመች። ለዚህ ቤት ሰዎች ስንት ዓመት ሙሉ ያጠራቀመችው ስድብ ነበራት።

የዳጉሳ ገንፎ ቀረበ። አዶች ግን አልበላችም።

«አማፂዎቹ ከዚህ ደጅ ነው የወሰዱት። ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ፍየሎቹን ላስገባ ብሎ ወጣ» አለች። ከዚያ ወደ ላዬት ዞረች። «አንቺ አብረሽው ኖረሻል። ልጄ ጥሩ ሰው ነበር?»

ፒሎያ የላዬትን ጉልበት ጨበጥ አደረገች። ያ ሰው አንድ ቀን የዘጠኝ ዓመት ልጅ እንደነበረ ላዬት አስባው አታውቅም።

«ለኔ ጥሩ አልነበረም፣ እማማ።»

አሮጊቷ ዓይኗን ከደነች።

«እንቅልፍ ሲወስደው ግን ይጮህ ነበር። ‹እማ፣ በሩን ክፈቺልኝ› ይል ነበር።»

«ክፍት ነበር!» አለች አዶች ደረቷን እየደቃች። «ልጄን! በሩ እኮ ክፍት ነበር!»

ላዬት ሳታስበው አቀፈቻት። ለዚያ ሰው እንባ አልነበራትም። ለዘጠኝ ዓመቱ ልጅና ለራሷ ግን አለቀሰች።

አመሻሹ ላይ ሽማግሌዎቹ ለኮማኬች የአባቱን ድርሻ መሬት አሳዩት።

«አንቺም እዚሁ ቅሪ» አለቻት አዶች። «ምራቴ አይደለሽ?»

«ምራት አይደለሁም፣ እማማ። ተሰርቄ ነው።»

አዶች እጇን ያዘች። «ልክ ነሽ፣ ልጄ» አለቻት።

ኮማኬች እናቱን እስከ መኪናው ሸኛት። «እማ፣ ልቅር?»

«ቅር» አለችው። ሌላ ቃል ብትጨምር ይዛው እንደምትሄድ ታውቃለች።

ኦጃራ መኪናውን አስነሳ። 

በሳምንቱ ሌላ እናት ልጇን ለአባቱ ዘመዶች ልታሳይ ወደ ኪትጉም ስትሄድ አብራት የተሳፈረችው ላዬት ነበረች። መንገዱን ሙሉ እጇን ይዛት ሄደች። «አይዞሽ፣ ይቀልሻል» ግን አላለቻትም።