እማ ገበያ ሄዳለች

ልጄ ሀያት ከደሴ ስትመጣ ከልብስ ይልቅ ሽቦ ነው ተሸክማ የምትመጣው። ባለፈው ሳምንትም እንደዚያው ነበር። ኮምፒውተሯን ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ከፍታ፣ ማይክራፎኗን «ትንፋሽ እንዳይገባ ነው» እያለች በካልሲ ሸፍና፣ መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋርዳ ትዘፍናለች። ዘፈኑ የራሷ አይደለም፤ ሌሎች የተጫወቱትን በራሷ ድምፅ ቀድታ ለጓደኞቿ ትልካለች። ከቨር ይሉታል። እኔ ያንን ብርድ ልብስ መስኮቱ ላይ ሳየው ሄጄ ጫፉን ዳበስኩት። «ምነው አባዬ?» ስትለኝ «እኛም በዚሁ ቤት ይህንኑ አድርገን ነበር» አልኳት። ሳቀችብኝ። በእኛ ጊዜ ከበግ ጩኸት ሌላ የሚቀዳ ነገር የነበረ አይመስላትም።

ግን አልተወችውም። አክስቷ ሰዓዳ ቤት ሄዳ ያኔ የቀዳንበትን አሮጌ ካሴት ከሻንጣ ሥር አስወጣች። የሚሠራ ቴፕ ከየት እንዳገኘች እሷ ታውቃለች፤ ዘፈናችንን ወደ ኮምፒውተሩ ገለበጠችው። ድምፅ በዓይን ይታያል ብሎ ማን አሰበ? ስክሪኑ ላይ ተራራና ሸለቆ ሆኖ ተዘረጋ። ሀያት ማዳመጫውን ከጆሮዋ አውርዳ፣

«አባዬ፣ ጊታሩ ምንም አይልም። ከበሮ መቺያችሁ ግን ይስታል» አለችኝ። «እዚህ ጋ ምቱ የለም። እዚህም ጋ። ከሌላ ቦታ ቀድቼ ልለጥፍበት? ማንም አያውቅም።»

«ከበሮ መቺያችን አያትሽ ናት» አልኳት።

ወንበሯን ወደ እኔ አዞረች። እኔም ነገርኳት።

ሰዓዳ የእኔ ታላቅ ናት። አባታችን ቀደም ብሎ ስለሞተ እናታችን ዘሀራ ሁለታችንን ያሳደገችን በሶ እየሸጠች ነው። በሶ እንዲያምር ገብሱ መጀመሪያ በውሃ ረጠብ ተደርጎ በሙቀጫ ይፈተጋል፤ ገለባው የሚለቀው ያኔ ነው። ይህን ሥራ እናቴና ሰዓዳ በአንድ ሙቀጫ ግራና ቀኝ ቆመው በሁለት ዘነዘና ይሠሩት ነበር። የአንዷ ሲወርድ የአንዷ ይነሣል። አንድም ቀን ዘነዘና ከዘነዘና ሲጋጭ ሰምቼ አላውቅም። እናቴ የጀመረችውን ሙቀጫ ሳትጨርስ ቀና አትልም። እንግዳ እንኳ ቢመጣ «ግቡ፣ አረፍ በሉ» የምትለው እየወቀጠች ነው። «ካረፉበት ገብሱ ይደርቃል» ትል ነበር። ጎረቤቱም ምቷን ከሩቅ ለይቶ «ዘሀራ ጀመረች» ይል ነበር።

ዘፈኑን ያመጣብን የእንግሊዝኛ መምህራችን ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ከተማችን መካነ ሰላም ሲመደብ ሁለት ሱሪና አንድ ካርቶን ካሴት ይዞ መጣ። ከካሴቶቹ በአንዱ ላይ የፈረንጅ ጊታር የሚጮህበት የድሮ ዘፈን ነበር። በዝግታ ይጀምራል፤ መሀል ላይ ከበሮው ሲገባ ግን የተቀመጠ ያስነሣል። ቃሉ ከነጭራሹ አይገባንም። ሰዓዳ ከልቧ ወደደችው፤ ከቦኖ ውሃ ቀድታ ስትመለስ እሱን እያንጎራጎረች ነው። እናቴ በበኩሏ «ይሄ ሰውዬ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚጮኸው? ጥርሱን ነው?» ትል ነበር።

ደርግ በወደቀ በጥቂት ዓመት ሰዓዳ ሰው ቤት ልትሠራ ጅዳ ሄደች። ሙቀጫው በአንድ ዘነዘና ቀረ። ያን ጊዜ ስልክ እንደ ልብ አልነበረም፤ እናቴም ማንበብ አትችልም። ስለዚህ ዐረብ አገር ያለና እኛ አገር ያለ ሰው የሚነጋገረው በካሴት ነበር። አንዱ ይቀዳል፣ መንገደኛ ያደርሳል፣ ቤተሰቡ ቴፑን ከቦ ያለቅሳል። ሰዓዳም ቀይ የመቅጃ ቁልፍ ያለው ቴፕ ላከችልን፤ ካሴት ውስጡ ነበረበት። «እማ፣ ድምፅሽን ላኪልኝ» ይላል። «ስትቆጪኝም ቢሆን ይሁን፤ ብቻ ድምፅሽን ልስማው።»

እናቴ ግን ድምፅ አልነበራትም። በዚያው በልግ ሳል ያዛት። ደሴ ወስጄ አሳከምኳት፤ ሐኪሙ ወደ ጎን ጠርቶ ተስፋ እንዳላደርግ ነገረኝ። በአቀስታ በኩል ስንመለስ አውቶብሱ በቆመበት ሁሉ ቆሎ እየገዛሁ እሰጣታለሁ፤ እሷ እየተቀበለች በነጠላዋ ጫፍ ትቋጥራለች። ቤት ደርሰን ስትፈታው ቆሎው እንዳለ ነበር፤ መዋጥ አቅቷት ነው። ከዚያ ወዲያ የምትናገረው በሹክሹክታ ብቻ ሆነ።

በእኛ ዘንድ በሰው አገር ላለ ሰው ክፉ ወሬ አይላክም። ታመመች አይባልም፣ ሞተች አይባልም፤ ሲመጣ ቤቱ ገብቶ ነው የሚረዳው። የከላላው ሼህ ይማም ለሐጅ ሊሄዱ በእኛ በኩል ሲያልፉ «ለጅዳዋ ልጅ የምትልኩት ካለ» ብለው መልእክት ላኩብን። እናቴ ከመኝታዋ ቀና አለች።

«ድምፄን ከሰማች አትቀመጥም። ባሕሩን ዘላም ቢሆን ትመጣለች» አለችኝ።

«ታዲያ ምን እንበላት እማ?»

«ገበያ ሄዳለች በሏት።»

«አንድ ካሴት ሙሉ ገበያ?»

«ያንን ጥርሱን የታመመውን ሰውዬ ዝፈኑላት። ደስ ሲላት እኔን ትረሳኛለች።»

ጓደኛዬ ግርማ ጊታር ነበረው። አጎቱ ድሮ በቀበሌ ኪነት ሲጫወትበት የቆየ ነው፤ አንዱ ክሩ ተበጥሶ በብስክሌት ፍሬን ሽቦ ተተክቷል። «ለሰዓዳ ነው» ስለው ምሳውን ጥሎ መጣ። በሩንና መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋረድን። ቴፑን የገብስ ጆንያ ላይ አስቀመጥነው። የባትሪ ድንጋዮቹ ደክመው ስለነበር ጠዋት ፀሐይ ላይ አስጥተናቸዋል። የእንግሊዝኛውን ቃል እንደሰማነው በእኛ ፊደል ጽፈን ግድግዳ ላይ ለጠፍን። ለከበሮው ደግሞ እኔ ጀሪካን ደፍቼ መደብደብ ጀመርኩ።

«ምንድን ነው የምትደበድበው?» አለች እናቴ ከመኝታዋ።

«ከበሮው ነው እማ።»

«ይሄማ ጀሪካን ነው። ሙቀጫዬን አምጣ።»

«ኧረ በአላህ ተኚ! ሐኪሙ ምን አለሽ?»

«ሐኪሙ ሙቀጫ መቼ ያውቃል? አምጣ አልኩህ።»

የረጠበ ገብስ ሙቀጫው ውስጥ ጨመረችበትና ዘነዘናዋን ይዛ ቆመች። ግርማ ጊታሩን ጀመረ። እሷ ዝም ብላ ጠበቀች፤ ልክ የከበሮው ቦታ ሲደርስ ዘነዘናው ወረደ። ያንን ዘፈን ስትሰድበው ስለኖረች የጠላችው መስሎኝ ነበር። ለካ ከበሮው የት እንደሚገባ ከሁላችንም ይበልጥ ታውቀዋለች።

መጀመሪያ ላይ ሳሏ መሀል እየገባ አበላሸብን። ሳሉ ከተሰማ ደግሞ ድካማችን ሁሉ ከንቱ ነው። እያጠፋን እንደገና ጀመርን። በስተመጨረሻ ግርማ ጊታሩን አስቀምጦ «እትዬ ዘሀራ፣ ይቅርብዎት፤ ያለ ከበሮ እንዘፍነዋለን» አላት። «ዝፈን» አለችው። ከዚያ በኋላ ሳሉ ሲመጣባት ዘነዘናውን በአንድ እጇ ከፍ አድርጋ ትይዝና በሌላው አፏን በነጠላዋ ታፍናለች። ፊቷ ይጠቁራል፣ የአንገቷ ሥር ይገተራል፣ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፤ ድምፅ ግን አይወጣትም። ሲያልፍላት ዘነዘናው በቦታው ይወርዳል። እኔ ፊት ለፊቷ ቆሜ የማልሰማውን እንግሊዝኛ እጮኻለሁ፤ እንባዬ ይወርዳል። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ከልቤ ዘፍኜ አላውቅም።

ዘፈኑ ሲያልቅ ቴፑን ልዘጋው ስል እናቴ በእጇ ከለከለችኝ። ጎዶሎ ነገር ለሰው መላክ አትወድም፤ ካሴቱ ይሙላ ማለቷ ነበር። የጀመረችውን ገብስም መጨረስ አለባትና መውቀጧን ቀጠለች። እኔም ወደ ቴፑ ጎንበስ ብዬ «ሰዓዳ፣ ሁላችንም ደህና ነን። እማ ገበያ ሄዳለች፤ ሰላም በሏት ብላለች» አልኩ። ካሴቱ ጠቅ ብሎ እስኪቆም ቤቱ ውስጥ ሌላ የተናገረ የለም። ሼህ ይማምም «የቤተሰብ ሰላምታ ነው» ስንላቸው ያንን ጩኸት በኪሳቸው ይዘው ለሐጅ ሄዱ።

ክረምቱ ሲገባ መልሱ መጣ። ሰዓዳ እየሳቀች ነው። «ሰማሁት! ግርማ ድምፅህ የጅብ ነው። ወላሂ ስስቅ ውዬ አደርኩ። እማን ሳሙልኝ፤ ገበያ አታብዢ በሏት» ትላለች። እናቴ ደግማ ደጋግማ አስከፈተችን። «አየህ? አላወቀችም። አልሐምዱሊላህ» አለችኝ። ፊቷ እንደዚያ በርቶ ካየኋት ቆይቼ ነበር። ክረምቱ ሳይወጣ ወደ አኼራ ሄደች። ለሰዓዳ አልነገርናትም።

ውሏን ጨርሳ የመጣች ዕለት ማልደው ሽማግሌዎች ቤታችን ገቡ። አሁን ሐጂ የተባሉት ይማም «ልጄ ሰዓዳ፣ የአላህ ነገር...» ብለው ሳይጨርሱ፣

«አውቃለሁ ሐጂ፤ አይድከሙ» አለቻቸው።

ሁላችንም ተያየን። ማን ነገራት? ሰዓዳ ወደ እኔ ዞረች።

«አንተ ገበያ ሄዳለች ስትለኝ ከኋላህ ትወቅጥ ነበር» አለችኝ። «ቤት ካለች ለምን አታናግረኝም ብዬ ዘፈኑን ወደ ኋላ መለስኩት። እማ መውቀጥ ጀምራ መሀል ላይ ቆም ብላ ታውቃለች? አብሬያት የወቀጥኩት እኔ አይደለሁም እንዴ? በቆመች ቁጥር የእኔም ትንፋሽ ይቆማል።»

«ታዲያ ለምን አልመጣሽም?»

«ፓስፖርቴ ማዳሜ እጅ ነው። እግሯ ላይ ወደቅኩ፤ ውልሽን ጨርሺ አለችኝ።»

«ያ ሁሉ ሳቅስ?»

«ያላወቅኩ መስሏት ደስ ብሏት ትሂድ ብዬ ነዋ» አለችና ያን ጊዜ ጮኸች። ለቅሶው የተጀመረው ከዚያ ነው።

ለሀያት እስከዚህ ነግሬያት ሳበቃ በሩ ተንኳኳ። ሰዓዳ ናት። «ካሴቴን የሰረቀችኝ ልጅ የት አለች?» እያለች ገባችና የሁለታችንን ፊት አይታ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ሀያት ለሙከራ አንዱ ባዶ ቦታ ላይ ለጥፋው የነበረውን ምት ወዲያው አጠፋችው። ከዚያ ከፈተችልን።

የባትሪው ድንጋይ ደክሞ ካሴቱ በዝግታ ሲዞር የተቀዳ ስለሆነ፣ አሁን ፈጥኖ ሲሄድ ድምፃችን ቀጥኖ የሕፃን ሆኗል። ሰዓዳ ፈገግ አለች። ዘነዘናው ገባ። የመጀመሪያው ባዶ ቦታ ሲደርስ መዳፏ ጠረጴዛውን አንዴ መታው። በሁለተኛውም መታችው። ዓይኗ ተከድኗል፤ የምታደርገውንም የምታውቀው አይመስለኝም።

የእናቴ ድምፅ በየትኛውም ካሴት ላይ የለም። እኔም ረስቼዋለሁ፤ በሕልሜ ስትመጣ እንኳ በሹክሹክታ ነው የምታናግረኝ። ሰው የእናቱን ድምፅ ይረሳል ቢሉኝ አላምንም ነበር። የቀረችልኝ በምቷና በቆመችባቸው ቦታዎች ብቻ ነው። እነሱን ማንም እንዲሞላብኝ አልፈልግም።

ዘፈኑ አለቀ። ያ ድምፁ የቀጠነ ልጅ፣ እኔው፣ «እማ ገበያ ሄዳለች» አለ። ዘነዘናው ከኋላው ይወርዳል። ሀያት ልትዘጋው እጇን ስትዘረጋ ሰዓዳ ያዘቻት።

«ተይ፣ ትጨርስ» አለቻት።

ሦስታችንም ቁጭ ብለን ሰማናት። ካሴቱ ግን ከገብሱ ቀድሞ አለቀ።