ሰባተኛው ጣሳ

የያዙኝ ከጉቴ ተመልሼ ነቀምቴ ከአውቶቡስ ስወርድ ነው። ሁለት ፖሊሶች ቦርሳዬን ተቀብለው ደብተሬንና ማስመሪያዬን አወጡ። እጄን አልያዙኝም። ከኋላዬ ሆነው ብቻ ጣቢያ ድረስ ተከተሉኝ።

ያስገቡኝ ክፍል መስኮት የለውም። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ጭቃ ነው፤ ሽንት ሽንት ይላል። ጥግ ላይ አንዲት የአርጆ ሴት ተቀምጣለች። የባላባት ጭቃ ሹም በሙቀጫ ዘነዘና መትታ እንደታሰረች በኋላ ነገረችኝ።

«አካም ጂርታ፣ ኢንታላ ኮ? እንዴት ነሽ፣ ልጄ? ምን አድርገሽ ነው?» አለችኝ።

«ዝናብ ለክቼ።»

«ዝናብ?» ብላ ሳቀች። «እኔስ ሰው መትቼ ነው!»

እውነቴን ነበር። ለአገልግሎት ዓመቴ ነቀምቴ እንዳስተምር ስመደብ፣ የዩኒቨርሲቲ መምህሬ አንድ ሥራ ሰጥቶኝ ነበር። ደን ሲመነጠር ዝናቡ ይቀንስ እንደሆነ ያጠናል። ጉቴና አርጆ አካባቢ ለአሥራ አንድ ገበሬዎች ባዶ ጣሳ አደልሁ። የጠዋቱን ውሃ በእንጨት ለክተው ምልክት ያደርጋሉ፤ እኔ በሳምንት አንዴ እየዞርሁ እጽፋለሁ። ገበሬዎቹ ግን የሚለካ ሰው ይፈሩ ነበር። ከዚያ በፊት ገመድ ይዘው የመጡ ሰዎች መሬታቸውን ለክተው ለሌላ ሰጥተውባቸዋል። «ስማችን አይጻፍ» አሉኝ። ቃል ገባሁ። በስም ፋንታ ቁጥር ሰጠኋቸው። ብልሃት መስሎኝ ነበር።

ማታ የጣቢያው መቶ አለቃ አስጠርቶኝ ደብተሩን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋው።

«አሥራ አንድ ሰው፣ ስም የላቸው። በየቀኑ ቁጥር። ይሄ ዝናብ ነው?»

«ዝናብ ነው፣ ጌታዬ።»

«አዲስ አበባ ‹መሬት ላራሹ› እያላችሁ ስትሰለፉስ ዝናብ ስትለኪ ነበር?»

መልስ ሳልሰጥ በጥፊ መታኝ። ጆሮዬ ውስጥ የሆነ ነገር ጮኸ፤ ከዚያ ወዲያ በግራ ጆሮዬ በደንብ አልሰማም። አግዳሚ ወንበር ላይ አስተኝተው እግሬን አሰሩት። አንዱ ፖሊስ ውስጥ እግሬን በጎማ ይመታል፤ መቶ አለቃው በየመሐሉ «ሰባት ቁጥር ማነው?» ይላል። ለምን ሰባትን እንደመረጠ አላውቅም። ጮኽሁ። ለመንሁ። የእናቴን ስም ጠራሁ። የገበሬዎቹን ግን አልጠራሁም።

በማግስቱ ጠዋት እንደገና ሲጠሩኝ በእግሬ መቆም ስላልቻልሁ በብብቴ ይዘው ወሰዱኝ። መሬት ላይ አንድ ሽማግሌ ተንበርክከዋል። እጃቸው የፊጥኝ ታስሯል። አጠገባቸው ጣሳ አለ። አወቅኋቸው። ሰባት ቁጥር ናቸው።

«ጉቴ ስንፈትሽ ጓሮው ውስጥ ነው የተገኘው» አለኝ መቶ አለቃው። «ታውቂዋለሽ?»

«አላውቃቸውም።»

ወደ ሽማግሌው ዞረ። «ጣሳው የምንድን ነው?»

ፖሊሱ በኦሮምኛ ጠየቃቸው። መልሳቸውን ሲተረጉም አፉ ሊስቅ ሲል ያዘው።

«ዶሮዎቼ ውሃ ይጠጡበታል ይላል።»

መቶ አለቃው አለንጋ አነሳ። የመጀመሪያው ጀርባቸው ላይ ነበር። ሁለተኛው ፊታቸው ላይ አረፈ፤ ከንፈራቸው ተሰንጥቆ ጥርስ ወደቀ። አልጮኹም። ወደ እኔም አላዩም። እኔ አስብ ነበር። ዝም ብል እስኪበቃው ይመታቸዋል፤ የእኔ ጣሳ ነው ብል እንደማውቃቸው ማመኔ ነው፤ ከሳቸው ወደሌሎቹ አሥር ይሄዳል። ሦስት። አራት። አምስት።

ከዚያ አለንጋውን ወደ እኔ ዘረጋው።

«የማታውቂው ከሆነ ምን ቸገረሽ? አንዴ ምቺውና ውጪ።»

ሽማግሌው ያን ጊዜ ቀና አሉ። «ሩኩቲ፣ ኢንታላ ኮ» አሉኝ ቀስ ብለው። ምቺ፣ ልጄ።

አለንጋው እጄ ላይ ነበር። እርጥብ ነው። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሁት። በክፍል ውስጥ እንኳ እጄን አውጥቼ የማልጠይቅ ልጅ ነበርሁ፤ ድምፄ ከየት እንደመጣ አላውቅም።

«ይጻፉልኝ» አልሁ። «ጣሳዎቹን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ለማን እንደሰጠሁ አልናገርም። እኒህን አባት ይፍቷቸው፤ ጥያቄው ከእኔ ጋር ነው።»

የዚያን ቀን ሁለት ጥርሴንና ሦስት ጥፍሬን አጣሁ። የአርጆዋ ሴት ነጠላዋን ቀድዳ እግሬን ስታስር፣ ሽማግሌው እያነከሱ በጣቢያው በር ሲወጡ በቀዳዳ ማየቷን ነገረችኝ። ደብተሬ ውስጥ ከዝናብ ቁጥር ሌላ ስላጡ ይሁን ስለሰለቸኋቸው አላውቅም፣ ከአራት ወር በኋላ ፈቱኝ። ሌላ ገበሬ አልተያዘም።

ይህን የሚሰሙ ሰዎች ጀግና ይሉኛል፤ አፍራለሁ። አለንጋውን ያስቀመጥሁት ከአምስተኛው በኋላ ነው። ከመጀመሪያው በኋላ መናገር እችል ነበር።