ብረት የሌለባት እንክብል

ቦንጋ ከተመደብኩ ጀምሮ አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቶኝ ነበር። ከክፍል ወደ ፖስታ ቤት፣ ከፖስታ ቤት ወደ ኪራይ ቤቴ፤ ዝናቡ ካላቆመም በዝናቡ። ከጅማ የሚመጣውን መኪና ጭቃ ይዞት ሲያስቀረው ሹፌሩን ሳላውቀው እረግመው ነበር። የምጠብቀው የመውጫ ፈቃድ ነው። ለትምህርት ከተላክሁበት አገር ሥራዬን ሳልጨርስ ተጠርቼ የመጣሁ ሰው ነኝ፤ ፕሮፌሰሬ ደግሞ «እንክብሎቹን ይዘህ ተመለስ፣ የቀረህ ልኬት ብቻ ነው» ብለው ጽፈውልኛል።

እንክብሎቹ አራት ናቸው። ማንጋናይት የሚባል ሴራሚክ ነው፤ ማንጋኒዝ ካለበት ዱቄት ቀምሜ እንደ ሸክላ የተኮስኳቸው፣ የኮት ቁልፍ የሚያካክሉ ጥቋቁር ነገሮች። አንደኛዋ ብረት የለባትም። በሦስቱ ላይ ብረት እየጨመርኩ ሄጃለሁ። ሰው ሁሉ ብረት ሲበዛ ማግኔትነቱ የሚበረታ ይመስለዋል፤ እኔም መስሎኝ ነበር። ነገሩ ግን ግልባጩ ነው። ብረቱ በማንጋኒዙ ቦታ ሲገባ ይረብሸዋል፤ ማግኔትነቱ ይደክማል፣ ኤሌክትሪክም እንደ ልቡ አያልፍበትም። ምን ያህል እንደደከመ የሚታወቀው ከአንደኛዋ ጋር ሲነጻጸር ነው። እሷ ከሌለች ሦስቱ ጠጠር ናቸው።

እስከዚያው እጄም አያርፍም። ጥቂት ብረት ብቻ ያለባትን ሁለተኛዋን ጠዋት በብርዱ ማግኔት ይስባታል፤ ቀትር ላይ ስትሞቅ ይለቃታል። ይህን ስንት ቀን እንዳየሁት እንጃ። ባየሁት ቁጥር ደስታው አላስቀምጥ ይለኛል፣ የምነግረው ሰው ግን የለም።

አንድ እሑድ ቀትር ላይ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ሁለት ጥበቃዎች አስከትለው ለአሰሳ መጡ። በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ፣ ገበያው ውስጥ የጨርቅ ሱቅ ያላቸው ሰው ናቸው። ሣጥኔን ከፍተው እንክብሎቹን ከውጭ አገር ደብዳቤ ጋር ሲያገኟቸው ፊታቸው ተለዋወጠ።

«ምንድነው ይሄ፣ መምህር? ፈንጂ እንዳይሆን!»

«ኧረ የማግኔት ጥናት ነው ጋሼ። ብረት ሲጨመር ምን እንደሚሆን የማይበት ነው» ብዬ ማግኔቴን አወጣሁ። አንደኛዋ ጠቅ ብላ ተጣበቀች። ሌሎቹ ንቅንቅ አላሉም።

«በቃ፣ ብረት ያለባት ይቺ ናታ!» አሉ ደስ ብሏቸው።

እውነቱን ልናገር አፌን ከፈትኩ። ብረት ያለባቸው ማግኔት የማይስባቸው ናቸው ብል ማን ያምነኛል? ሊያሞኘን ነው ብለው አራቱንም ጠራርገው እንዳይወስዱብኝ ፈራሁ።

«አዎ፣ እሷ ናት» አልኩ።

ሣጥኑን መለሱልኝ። ተገላገልኩ ብዬ ሳልጨርስ ከበር ተመለሱ።

«ለሪፖርቱ ናሙና ይያያዛል። ሌሎቹ ይቅሩ፤ ብረት ያለባትን ስጠኝ።»

አሁንም ሳስታውሰው ራሴን በጥፊ ማለት ያምረኛል። ሌላዋን ይውሰዱ ብል ለምን ይሉኛል፤ ዋሽቼ ነው ብል ደግሞ የባሰ ነው። አንደኛዋን አውጥቼ ሰጠኋቸው። በወረቀት ጠቀለሏትና፣ ምን እንደሆነች ላዩ ላይ እንድጽፍ እስክሪብቶ አቀበሉኝ። «ብረት ያለባት» ብዬ ጻፍኩ፤ ከሥሩም ፈረምኩበት።