የእሳት ፈቃድ

ነገሌ ስደርስ ሰው ሁሉ ወታደር፣ ነጋዴ ወይም ካድሬ ነበር፤ እኔ ወፍ ልቆጥር መጣሁ። ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ፣ አብዮቱ ገና ሁለት ዓመት ሳይሞላው፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው ሜዳ ላይ የምትኖር አንዲት አፈር የመሰለች ትንሽ ወፍ እንዳጠና ተላክሁ። ጎጆዋን የምትሠራው መሬት ላይ፣ ሣር ሥር ነው። ቤት ያከራዩኝ ጉራጌ ባለሱቅ ለደንበኞቻቸው «ወፍ ቆጣሪው» እያሉ ያስተዋውቁኝ ነበር። መንግሥት ለዚህም ደመወዝ ይከፍላል ወይ እያሉ ይስቁብኛል። እኔም አብሬ እስቅ ነበር፤ ያን ጊዜ ሥራዬን እወደው ነበር።

ጎጆ የምንፈልገው በገመድ ነው። ሁለት ሰው የረጅም ገመድ ጫፍና ጫፍ ይዞ በሣሩ ላይ እየጎተተ ይሄዳል፤ እንቁላል የታቀፈችው ወፍ ደንግጣ ብር ስትል የተነሣችበት ቦታ ይታወቃል። ሌላውን ጫፍ የሚይዙልኝ ከብቶቻቸው እዚያው ሜዳ ላይ የሚግጡ አንድ የቦረና ሽማግሌ ነበሩ። መጀመሪያ ያበድኩ መስሏቸው ነበር፤ በኋላ ግን ጎጆውን ከእኔ ቀድመው ማየት ጀመሩ። ሁለት የዝናብ ወቅት አብረን ተጓዝን። ወፏ እንቁላሏን የምትጥለው ዝናቡ ጥሎ አዲስ ሣር ከበቀለ በኋላ መሆኑን ደብተሬ ላይ ስጽፍ አጠገቤ ቆመው ነበር።

ከዚያ የሶማሊያ ጦርነት መጣ። መኪናችንን ጦሩ ወሰደው፤ ጥናቱም ተዘጋ። እኔን በከተማው አንድ ጽሕፈት ቤት የፈቃድ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡኝ፤ ግንድ ለሚቆርጥ፣ ከሰል ለሚያከስል፣ መሬት ለሚመነጥር ሁሉ የባለሙያ አስተያየት የምጽፈው እኔ ሆንኩ። እውነቱን ልናገርና ወንበሩ ተመቸኝ። በፀሐይ ሲንከራተት የከረመ ሰው፣ ባለጉዳይ ደጃፉ ላይ ቆሞ ሲጠብቀው ደረቱ ይነፋል።

አንድ የካቲት ላይ ሽማግሌው መጡ። «አካም፣ ናጋ?» ተባባልን፤ ስለ ከብቱ፣ ስለ ውሃው፣ ስለ ቤተሰቡ ጠየቅኳቸው። ከዚያ የመጡበትን ነገሩኝ። ቦረና ትልቁ ዝናብ ሊጥል ሲል የደረቀውን ሣር ያቃጥላል፤ እሳቱ መዥገሩን ይጨርሳል፣ ሣሩን የሚውጠውን የእሾህ ቁጥቋጦ ችግኝ ይገድላል፣ ዝናቡ ሲመጣም ለጋ ሣር ይወጣል። አሁን ግን ባለሙያ ካልደገፈው በስተቀር ማቃጠል በሰርኩላር ተከልክሏል።

«የኢቢዳ ፈቃድ ስጠን» አሉኝ፣ እሳቱን በቋንቋቸው ጠርተው። «እሾሁ ገና ጉልበት ያህል ነው። ካልተቃጠለ ሜዳው ያልቃል። ሜዳው ካለቀ ከብቴን ይዤ የት አባቴ ልግባ?»

ከሜዳው ብዙ በማይርቀው ጦር ሰፈር አካባቢ እሳት ቢነሣ የሚጠየቀው ፈቃዱን የደገፈው ሰው መሆኑን ኃላፊዬ አስቀድሞ ነግሮኝ ነበር። በዚያ ዘመን መጠየቅ ማለት ምን እንደነበር የነበርን እናውቃለን። ፈራሁ። ፈራሁ ብሎ መናገሩ ደግሞ አሳፈረኝ።

«አባቴ፣ ወፏስ? ጎጆዋ ይቃጠላል እኮ» አልኳቸው።

ትክ ብለው አዩኝ። «በኢቢዳ ጊዜ እንቁላል አይተሃል? አብረን አይደለም እንዴ የፈለግነው?»

«ይህን ለእኔ ይተዉት፤ የጥናት ጉዳይ ነው» ብዬ ማመልከቻቸው ላይ «አይደገፍም» የሚል ጻፍኩ። ምክንያት በሚለው ሥር የወፏን ጎጆ አሰፈርኩ። ኃላፊው አንብቦ ጎበዝ አለኝ።

በየዓመቱ መጡ፤ በየዓመቱ የአምናውን ገለበጥኩ። እሾሁ ወገብ ደረሰ፣ ከዚያም የሰው ቁመት አለፈ። በድርቁ ዓመት ከሽማግሌው ከብቶች አብዛኞቹ አለቁ። በዚያው ዓመት እኔ የደረጃ ዕድገት አገኘሁ።

የመንግሥቱ ጉልበት እየላላ ሲሄድ ኃላፊው ተቀየረ፤ አዲሱ ስለ ሣር ግድ የሌለው፣ የቀረበለትን ሁሉ የሚፈርም ሰው ነበር። በዚያው ሳምንት የድጋፍ አስተያየት ጽፌ አስፈረምኩ፤ ወረቀቱንም ራሴ በጭነት መኪና ተሳፍሬ ወሰድኩላቸው። ሽማግሌው ጎብጠዋል። ደስ ሲላቸው ሳይ ይቅር የተባልኩ መሰለኝ።

በማግስቱ ጠዋት ጎረቤቶቻቸው እሳቱ ከመስመር እንዳይወጣ የሚመቱበትን እርጥብ ቅርንጫፍ ይዘው ተሰለፉ። ሽማግሌው ለኮሱ። እሳቱ አንድ እፍኝ ሣር በልቶ ጠፋ። ሌላ ቦታ ለኮሱ፤ ጥቂት ጨሶ ጠፋ። እሾሁ ሥር የነበረው ባዶ ቀይ አፈር ነው፤ እሳት የሚሄድበት ሣር አልነበረም። እስከ ቀትር ድረስ ብንዞርም ከእግራችን ሥር የተነሣች አንዲት ወፍ አላየሁም።

ሽማግሌው ክብሪቱን ኪሳቸው ከተቱ።

«ሰዎቹ ይሰድቡሃል» አሉኝ ቀስ ብለው። «እኔ ግን ረስቶት ነው እላቸዋለሁ። የቢሮ ሥራ ብዙ ነው፣ በኢቢዳ ጊዜ እንቁላል እንደሌለ አብረን ያየነውን ረስቶት ነው። ይኸው ስንት ዓመት እንዲህ እላለሁ።»

አዎ ብል ኖሮ ያምኑኝ ነበር። 

«አልረሳሁትም» አልኳቸው። «ያን ጊዜም አውቅ ነበር።»

 ቅርንጫፋቸውን ይዘው ወደቆሙት ሰዎች ዞረው ያልኩትን በኦሮምኛ ነገሯቸው። ኦሮምኛ እሰማለሁ፤ ምንም አልጨመሩበትም።