የጋሽ ይማም ጣቶች

ጦርነቱ ሐይቅ ከተማ ደርሶ በሸሸንበት ዓመት ነው። ስለዚያ ሽሽት የሚጠይቁኝ ሰዎች ስለ ተኩሱ የማወራላቸው ይመስላቸዋል። እኔን እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ግን ተኩስ ባልነበረበት ቦታ የሆነው ነው።

ጋሽ ይማም ጎረቤታችን ናቸው። የአምባሰል ገበሬ ልጅ ናቸው። በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ገብተው ፒያኖ ተማሩ፤ የአምባሰልንና የባቲን ቅኝት ከጃዝ ጋር አዋህደው በሰው አገር መድረክ ሳይቀር ተጫወቱ። ዛሬ ጃዝ ከሚጫወቱት ወጣቶች ብዙዎቹ የእሳቸውን ካሴት እየሰሙ ያደጉ ናቸው። እኔም መጀመሪያ ያወቅኋቸው ጅዳ ሰው ቤት ስሠራ፣ ወጥ ቤት ሆኜ በስልክ እየሰማኋቸው ነው።

ለውጡ መጣ በተባለ ጊዜ ባለሥልጣናት "የሙዚቃ ትምህርት ቤት እንከፍትልዎታለን" ብለው ወደ ሐይቅ አመጧቸው። ካባ አለበሷቸው፣ አብረው ፎቶ ተነሡ፣ ሄዱ። ትምህርት ቤት የሚባል ነገር የለም። ሽማግሌው ግን ፒያኗቸውን አስጭነው መጥተው ነበርና እዚያው ቀሩ።

የሸሸን ቀን እናቴንና እሳቸውን ይዤ በእግር ወደ ደሴ አቀናሁ። መንገድ ላይ የአካባቢው ወጣቶች ገመድ ወጥረው፣ ሰርጎ ገብ እንፈልጋለን እያሉ መታወቂያ ያያሉ። አጠገባቸው የቆመ ባጃጅ ሙዚቃ ከፍቷል። ጆሮዬን አላመንኩም፤ የጋሽ ይማም አምባሰል ነው። እሳቸውም ሰምተው ፈገግ አሉ።

መታወቂያቸው የአዲስ አበባ ነው። ቦርሳቸው ሲፈተሽ ደግሞ የሙዚቃ ኖታ የተጻፈባቸው ወረቀቶች ወጡ።

"ይሄ ምንድን ነው? ኮድ ነው አይደል?" አለ ዱላ የያዘው።

"ዜማ ነው ልጄ። ያ ባጃጁ ላይ የምትሰሙት እኮ የኔ ነው።"

ሳቁባቸው። "ሰላዩ ሁሉ ሙዚቀኛ ሆነ!" አለ ሌላው።

"ወላሂ የአምባሰል ሰው ናቸው! ጎረቤቴ ናቸው!" እያልኩ መሃል ገባሁ። ገፈተሩኝ። ልጁ ዱላውን ሲሰነዝር ጋሽ ይማም ራሳቸውን ለመከላከል ቀኝ እጃቸውን አነሡ። አጥንቱ ቀጭ ሲል ሰማሁት። ሙዚቃውን እንኳ የዘጋው አልነበረም።

ከኋላችን ይመጡ የነበሩ አንድ ሸህ አወቋቸው። "ያ አላህ! ይማምን ነው እንዴ የምትመቱት?" ብለው ጮኹ። ልጆቹ ተያዩ። ይቅርታ ያለ የለም። "በሉ እለፉ" አሉን፣ ውለታ እንደዋለ ሰው።

ደሴ ሐኪሙ ሁሉ ቁስለኛ ላይ ነው፤ ጣት ማን ያያል? እናቴ ከሻሿ ቀድዳ አሰረችላቸው። ጣቶቻቸው እንደተጣመሙ ዳኑ።

ስንመለስ ቤታችን ሁሉ ተዘርፏል። ፒያኖው ግን ከብዷቸው ነው መሰል ማንም አልነካውም። ጋሽ ይማም ተቀምጠው ሞከሩ። ቀኝ እጃቸው እንቢ አለ። ክዳኑን ቀስ ብለው ዘጉና ለከሰዓቱ የአስር ሶላት ውዱእ ሊታጠቡ ወጡ።

ኋላ ያን ዱላ የያዘውን ልጅ ሐይቅ መናኸሪያ አየሁት። ባጃጅ ይነዳል። "እህቴ፣ የት ላድርስሽ?" አለኝ፣ እየሳቀ። ሮጬ ለጋሽ ይማም ነገርኳቸው፤ "እንክሰሰው" አልኩ።

"ተይው ልጄ። አፉ ብዬ ይቅር ብዬዋለሁ። እሱም ፈርቶ ነው።"

የተሰበረው እጅ የእሳቸው ነው፤ አፉ ማለትም የእሳቸው መብት ነው። እኔ ግን አልቻልኩም። በሰገድኩ ቁጥር "ያ ረቢ፣ ልቤን አራራልኝ" እላለሁ። እስካሁን አልራራም።